የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ታሪክ፦ ከጽሕፈት መኪና እስከ እጅ ስልክ

የአማርኛ ፊደል 33 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት። እያንዳንዱ ሆሄ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ቅርጽ ስለሚጻፍ ድምሩ 231 ይሆናል። በኋላ የመጣው የ«ቨ» ቤት፣ እንደ ቋ፣ ጓ እና ሏ ያሉት ዲቃላ ፊደሎች፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ አንድ ጸሐፊ ሊፈልጋቸው የሚችላቸው ምልክቶች ወደ 300 ይጠጋሉ። የተለመደው የጽሕፈት መኪና ግን ከ40 እስከ 46 የሚደርሱ የፊደል ቁልፎች ብቻ ነበሩት። እያንዳንዱ ቁልፍ በሺፍት ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ከ92 አያልፍም። የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ታሪክ ይህን ልዩነት ለማጥበብ የተደረገው ጥረት ታሪክ ነው። በየዘመኑ መፍትሔ ተገኝቷል፤ በየዘመኑም ለመፍትሔው ዋጋ የከፈለ ነበረ፤ አንዴ የፊደሉ መልክ፣ አንዴ የጸሐፊው ጣት፣ አንዴም የተጻፈው ሰነድ።

የላቲኑ ሰሌዳ አመጣጥ

ዛሬ በኢትዮጵያ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው የኮምፒዩተር ኪቦርድ አሰላለፉን የወረሰው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ከተሠራ የጽሕፈት መኪና ነው። ክሪስቶፈር ሌተም ሾልስ ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 ሲሆን፣ የጦር መሣሪያና የስፌት መኪና ይሠራ የነበረው የሬሚንግተን ኩባንያ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ አቀረበው። ከላይኛው የፊደል ረድፍ ስድስት የመጀመሪያ ቁልፎች ስሙን ያገኘው «ኩዌርቲ» አሰላለፍ የተጠናቀቀው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ፊደሎቹ እንዲህ የተደረደሩት አዘውትረው የሚከታተሉ ፊደላት ዘንጎች ተጋጭተው እንዳይቆላለፉ ነው የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ይነገራል። የቴሌግራፍ ሠራተኞች አስተያየት አሰላለፉን እንደቀረጸው የሚከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው ሁለተኛው የሬሚንግተን መኪና ሺፍትን ጨመረና እያንዳንዱ ቁልፍ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል እንዲያትም አስቻለ።

አሰላለፉን ለማሻሻል ያልተሞከረ ነገር የለም። ከሁሉ የሚታወቀው አውጉስት ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው፤ በእንግሊዝኛ አዘውትረው የሚመጡትን ፊደላት ጣቶች በሚያርፉበት በመካከለኛው ረድፍ ሰበሰባቸው። ያም ሆኖ ኩዌርቲን ከቦታው አላነቃነቀውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በአንድ አሰላለፍ የሠለጠነ እጅ ወደ ሌላው ለመዞር ወራት ይፈጅበታል፤ ቀጣሪው ቢሮም የሚገዛው ጸሐፊዎቹ የለመዱትን መኪና ነው። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ግን ለቋንቋቸው የሚስማማ ጥቂት ለውጥ አድርገው የየራሳቸውን አሰላለፍ በአገር ደረጃ አጸኑ። አማርኛ ያላገኘው ይህን ዓይነቱን ስምምነት ነው።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና

የግዕዝ ፊደል በእርሳስ ተቀርጾ መታተም የጀመረው በሮም ሲሆን፣ ዮሐንስ ፖትከን የዳዊትን መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1513 አሳትሟል። ለማተሚያ ቤት የፊደል ብዛት ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ፊደል ለቃሚው ሳጥኖቹን ዘርግቶ የሚፈልገውን እያነሣ ይደረድራል፤ 300 ምልክት ካለው 300 ቦታ ያዘጋጃል። የጽሕፈት መኪና ግን እያንዳንዱን ምልክት በዘንግ ጫፍ ይሸከማል፤ የዘንጎቹም ቁጥር የተወሰነ ነው።

ይህን ችግር በመፍታት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሠሩት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሉን እንደ ሙሉ አካል አልያዘውም፤ በየክፍሉ ነጣጠለው። የሐሳቡ መሠረት ያለው በፊደሉ በራሱ ጠባይ ነው። ካዕብ በአብዛኛው ከፊደሉ በስተቀኝ ወገቡ ላይ አግድም ጭረት ይጨምራል፤ ሣልስ ያንኑ ጭረት ወደ እግር ያወርደዋል፤ ኃምስ በእግር ጫፍ ላይ ቀለበት ያንጠለጥላል። ስለዚህ «በ» አንድ ጊዜ ተመቶ፣ ጭረቱ ወይም ቀለበቱ በሌላ ቁልፍ ሲከተል ቡ፣ ቢ፣ ቤ ይገኛሉ። አንድ የጭረት ቁልፍ ብዙ ቤቶችን ያገለግላልና ቁልፍ ይቆጠባል።

አስቸጋሪዎቹ ሳድስና ሳብዕ ነበሩ። ሳድስ ወጥ ምልክት የለውም፤ ብ ከጎኑ ጭረት ያወጣል፣ ል ጎኑ ይቀነጠሳል፣ ር ጅራቱ ይታጠፋል፣ ን አንገቱ ይጎብጣል። ሳብዕም እንዲሁ አንዴ እግሩን ያስረዝማል፣ አንዴ አናቱ ላይ ቀለበት ያበቅላል። እነዚህ የተለየ ቁልፍ ወይም የተለየ ዘዴ ይጠይቁ ነበር። የተቀጣጠለ ፊደል ደግሞ መልኩ እንደ ቁም ጽሕፈት አያምርም፤ በታይፕ በተመታ ደብዳቤ ላይ ጭረቱ ከፊደሉ ገላ ጥቂት ርቆ ወይም ከፍና ዝቅ ብሎ ይታያል። አንባቢው ለመደውና ሳይቸገር ያነበው ጀመር።

ከነጻነት በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲስፋፉ ከውጭ የሚገቡ የአማርኛ መኪኖች፣ በተለይም የጣሊያኑ ኦሊቬቲ፣ በየቢሮው ገቡ። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ በተለምዶ ኮሜርስ የሚባለው፣ የጽሕፈት ሥራ ባለሙያዎችን አሠለጠነ። ታይፒስትነት የተከበረ የከተማ ሙያ ሆነ። ሠልጣኟ ሰሌዳውን ሳታይ በአሥሩም ጣቶቿ መምታት፣ ካርቦን አስገብታ ቅጂ ማውጣት፣ ለማባዣ ስቴንስል መቁረጥ ይጠበቅባት ነበር። በስቴንስል ላይ የተሳሳተ ጭረት በቀለም ተደፍኖ እንደገና ይመታል፤ በዚህ ጊዜ የአማርኛ ፊደል ሁለት ምት መጠየቁ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል።

ፊደሉን ወይስ መኪናውን?

የመኪናው ጥበት የቆየ ክርክርን አጋጋለ። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን ጨምሮ የታወቁ ሰዎች ፊደሉ ራሱ ይሻሻል የሚል ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ከሐሳቦቹ አንዱ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሞክሼ ፊደሎች፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ወደ አንዳንድ ማውረድ ነበር። ሌላው አንዱን ቅርጽ አጽንቶ ሌሎቹን ድምፆች በወጥ ምልክት ማሳየት ነው። ደጋፊዎቹ ትምህርቱም፣ ኅትመቱም፣ ታይፑም ይቀላል አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የግዕዝ መጻሕፍት ንባብና የቃላት ምንጭ ይጠፋል ሲሉ መለሱ። ክርክሩ በየጊዜው ቢነሣም ፊደሉ እንዳለ ቀረ፤ መላው ከመኪናው በኩል እንዲፈለግ ተተወ።

በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠሩ። የዚህ ሥራ ክብደት የሚታወቀው የቴሌፕሪንተርን አሠራር ሲያዩት ነው። በዘመኑ የተለመደው የመላኪያ ኮድ አምስት አሐድ ብቻ ስለነበረው 32 ጥምረት ይሰጣል፤ ይህ ለላቲን 26 ፊደላት ቢበቃም ለአማርኛ የአምስት ቤት ልጆች እንኳ አይችልም። ፊደሉን ከፋፍሎ መላክና በተቀባዩ በኩል መልሶ መገጣጠም የሚለው ሐሳብ በኋላ በኮምፒዩተርም ተመልሶ ይመጣል።

የኮምፒዩተር መምጣትና የፎንቶች ዘመን

የግል ኮምፒዩተር የዘንግ ችግርን አስቀረ፤ ስክሪን ላይ የፈለጉትን ቅርጽ መሣል ይቻላል። ሌላ ጥበት ግን ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ፊደል በስምንት ቢት ይቀመጥ ነበር፤ ይህም 256 ቦታ ብቻ ይሰጣል። ከዚያ ላይ ለመቆጣጠሪያ ትእዛዞችና ለላቲን ፊደላት የተያዘው ሲቀነስ ለአማርኛ የሚተርፈው በቂ አይደለም።

ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያም በአሜሪካም የሚኖሩ ባለሙያዎች ይህን ለመወጣት ሠሩ። በኮሎራዶ የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አበራ ሞላ ከቀደምቶቹ አንዱ ናቸው፤ ቆይተውም በግዕዝ ፊደል የመክተቢያ ስልት ላይ የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተዋል። በአገር ቤት ገበያ አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ እና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ስማቸው ገነነ። የአብዛኞቹ ዘዴ አንድ ነው፤ የላቲን ፊደል በሚቀመጥበት የኮድ ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለው ፎንት ይተክላሉ። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መኖሩን ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየው ግን አማርኛ ነው። አንድ ፎንት ለሁሉም አልበቃ ሲል ፊደሉ በሁለትና በሦስት ፎንቶች ተከፋፈለ፤ አኃዞቹና ዲቃላዎቹ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው በሌላ ፎንት ይቀመጡ ነበር።

የየሶፍትዌሩ የኮድ ድልድል የተለያየ በመሆኑ ሰነዶች መግባባት አቃታቸው። በአንዱ ቢሮ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በዲስኬት ተይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ፣ እዚያ ያ ፎንት ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነበር። ፎንቱ ቢኖርም ዲቃላዎቹ የተጻፉበት ሁለተኛው ፎንት ከጎደለ ቋና ጓ ያለባቸው ቃላት ብቻ ይበላሻሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ጽሑፍ እንደ አዲስ ተተይቧል፤ በዚያ ዘመን የተከማቸ ማኅደርም ዛሬ ለመክፈት መለወጫ ሶፍትዌር ይፈልጋል።

ሁለቱ የአተያየብ ሰልፎች

ከፎንቱ ልዩነት ጋር የቁልፎቹ ልዩነት ተደረበ። አንዳንድ ሶፍትዌሮች በታይፕ የሠለጠኑትን ለማስተናገድ የጽሕፈት መኪናውን አሰላለፍ አቀረቡ። አብዛኛው ተጠቃሚ ግን በላቲን ፊደል የተቀረጸ ኪቦርድ ስለነበረው የድምፅ ስልት አሸነፈ፤ ኤል ለ«ለ» ቤት፣ ኤም ለ«መ» ቤት፣ ቢ ለ«በ» ቤት ሆነ፤ ድምፁ ደግሞ በላቲን አናባቢ ይጨመራል።

በድምፅ ስልት ውስጥም ሁለት ሰልፎች ተፈጠሩ። የመጀመሪያው ተነባቢው ብቻውን ሲነካ ሳድሱን ይሰጣል። ይህ ዳንኤል ያዕቆብ እና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባዘጋጁትና «ሴራ» በሚባለው፣ አማርኛን በላቲን ፊደላት ለኮምፒዩተር በሚጽፈው ሥርዓት የታወቀ ነው። ሁለተኛው ሰልፍ ተነባቢው ብቻውን ግዕዙን እንዲሰጥ አድርጎ ለሳድስ ተጨማሪ ቁልፍ ይጠይቃል።

ልዩነቱ ጥቂት ቃላት ሲተየቡ በግልጽ ይታያል። «ትምህርት» አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸው፤ በመጀመሪያው ስልት ቲ፣ ኤም፣ ኤች፣ አር፣ ቲ ተብሎ በአምስት ምት ያልቃል፤ በሁለተኛው አሥር ምት ይፈልጋል። «ነገረ» ደግሞ ሦስቱም ግዕዝ በመሆናቸው በመጀመሪያው ስልት ስድስት፣ በሁለተኛው ሦስት ምት ብቻ ነው። «ሰላም» በሁለቱም አምስት ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ እጅግ ይበዛልና በአጠቃላይ የመጀመሪያው ስልት ጣት ይቆጥባል። ሁለተኛው ግን ሀሁ ሲቆጠር እንደሚታወቀው ግዕዙን ከፊት ስለሚያስቀድም ፊደል ገበታ ላይ ላደገ ሰው በቶሎ ይገባል።

የመጀመሪያው ስልት የራሱ እንቅፋት አለው። «ርእስ» ለመጻፍ አር፣ ኢ፣ ኤስ የተጫነ ሰው የሚያገኘው «ረስ» ነው፤ ሶፍትዌሩ ኢ የምትለውን ቁልፍ የ«ር» ድምፅ መለወጫ አድርጎ ይወስዳታልና። ሁለቱን ለመለየት በመካከል የመለያ ምልክት ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህን ያልነገሩት ጀማሪ ቃሉን ደጋግሞ እየሰረዘ ይቸገራል። በሁለቱም ስልቶች ሶፍትዌሩ ቀድሞ የጻፈውን ፊደል አጥፍቶ አዲሱን መተካት አለበት፤ ይህ ባልሠራባቸው ፕሮግራሞች «ሉ» በሚጠበቅበት ቦታ «ልኡ» ተለጥፎ ይቀራል።

ሞክሼ ፊደሎችና የተነባቢ ብዛት ሌላው ጣጣ ነው። ለ«ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ»፣ «ጰ» እና «ኘ» ላቲን የተለየ ፊደል የለውምና በሺፍት ይጻፋሉ። ኤክስ ለ«ሸ» የተሰጠችው በድምፅ ዝምድና ሳይሆን ነጻ ስለነበረች ነው። ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው የሚሳሳተው በእነዚህ ቁልፎች ላይ ነው። ስለዚህም በየጽሕፈት ቤቱ የቁልፎቹን ዝርዝር የያዘ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ተለጥፎ መታየቱ የተለመደ ሆነ።

ዩኒኮድ

መፍትሔው የመጣው የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ ከሚያሰፍረው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን አካተተ። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጠው፤ በአሥራ ስድስት መሠረት አቆጣጠር «ሀ» 1200 ላይ፣ «ለ» 1208 ላይ፣ «ሐ» 1210 ላይ ይጀምራሉ። ከዚህ የተነሣ የ«ለ» ሣልስ ለማግኘት ከቤቱ መነሻ ሁለት መደመር ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና ከዚያ በኋላ በወጡ እትሞች ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ።

ዩኒኮድ ሁለት ተቀላቅለው የነበሩ ነገሮችን ለየ፤ ፊደሉ የሚቀመጥበትን ኮድና ፊደሉ የሚተየብበትን ቁልፍ። በየትኛውም አሰላለፍ የተጻፈ «መ» በፋይሉ ውስጥ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» ከሚባል ፎንትና ከአማርኛ መጻፊያ ጋር መጣ፤ የአገር ቤቶቹ ሶፍትዌሮችም በኋለኞቹ እትሞቻቸው ዩኒኮድን ተቀበሉ። የሰነድ መበላሸት ቀስ በቀስ ቀነሰ። የአሰላለፍ መብዛት ግን አልቀነሰም፤ ዩኒኮድ ስለ ቁልፍ የሚደነግገው ነገር የለውምና።

የእጅ ስልክ

የእጅ ስልክ በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ስላልነበራቸው አማርኛ በላቲን ፊደል መጻፍ በአገር ውስጥም በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ልማድ ሆነ። በጣት የሚነካ ስክሪን ያላቸው ስልኮች ሲመጡ ሁኔታው ተለወጠ። ቁልፉ በስክሪን ላይ የሚሣል በመሆኑ በላቲን ኪቦርድ መታሰሩ ቀረ። እንደ ፋይን ግዕዝ፣ ሀሁ እና አገርኛ ያሉት መጻፊያዎች የግዕዙን ፊደል በቁልፍ ላይ ያሳያሉ፤ ሲነካ ሌሎቹ ስድስት ቅርጾች ይዘረገፋሉ። የጎግል መጻፊያም አማርኛን ጨመረ። በዚህ መንገድ የላቲን ፊደል የማያውቅ ሰው አማርኛን መተየብ ቻለ፤ ይህ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር በኩል እምብዛም ያልተገኘ ነገር ነው።

በጽሕፈቱ ላይ የቀረው አሻራ

የቁልፍ ሰሌዳ የቋንቋውን አጻጻፍም ለውጧል። ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ በጽሕፈት መኪናና በኮምፒዩተር ባዶ ቦታ ተተክቷል፤ ለእርሱ ሰፊው ቁልፍ ተዘጋጅቶለታልና። አራት ነጥብ የት እንዳለ ያላገኘ ሰው የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ይመታል፤ እንዲህ የተጻፈ አማርኛ በየቦታው ይገኛል። የግዕዝ አኃዞች ከቤተ ክህነት ጽሑፎችና ከምዕራፍ ቁጥሮች ውጭ እየቀሩ የሄዱት በብዙ ምክንያት ቢሆንም በሰሌዳው ላይ ተደብቀው መቀመጣቸውም አንዱ ነው። ሞክሼዎቹ ደግሞ ያለ ሺፍት ወደሚገኙት አዘነበሉ፤ «ኃይለ ሥላሴ» በብዙ እጅ «ሀይለ ስላሴ» ይሆናል። በስም መዝገብ ላይ ይህ ቀላል ችግር አይደለም፤ ጸሐይ፣ ፀሐይ እና ጸሀይ ለሰው አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው፤ ፈላጊው በአንዱ ጽፎ በሌላው የተመዘገበውን አያገኝም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። የፊደሉ ብዛት ዛሬ ለኮምፒዩተር ሸክም መሆኑ አብቅቷል፤ ኮዱም አንድ ሆኗል። ስለዚህ አሰላለፍ መምረጥ የጣትና የልማድ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል፤ ብዙ ለሚተይብና በላቲን ሰሌዳ ለለመደ ሳድስን የሚያስቀድመው ስልት ይስማማዋል፤ በአሮጌው ሶፍትዌር ለሠለጠነ የለመደው ይሻለዋል፤ በላቲን ፊደል ላልተማረ ደግሞ የስልኩ ገበታ ይበጀዋል። የትኛውንም የመረጠ ግን የመለያ ምልክቱን፣ የአራት ነጥቡን፣ የዲቃላዎቹንና የሞክሼዎቹን ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ሊማር ይገባዋል። ልጆች በትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አተያየብ እንደሚማሩ ሁሉ አንድ የአማርኛ አሰላለፍ ተመርጦ በሥርዓት እስኪሰጣቸው ድረስ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ ይህን ትምህርት በየራሱ፣ ከስክሪን አጠገብ በተለጠፈ ወረቀት መማሩ ይቀጥላል።